ንጉሡንም ያስለዋል
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጤና ይስጥልኝ ውድ አንባቢያን። ባለፈው እትም አንድ ሰው «በሽታ የመሪን ታሪክ ቀይሮ ያውቃል ወይ?» ብሎ ጠይቆኝ በአጭሩ መልሼ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከየአቅጣጫው ደብዳቤ ጎረፈ። ከሞጣ፣ ከቡሬ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከደብረ ኤልያስ። ስለዚህ የዛሬውን ገጽ ለዚሁ ጉዳይ ሰጥቼዋለሁ።

ለማያውቁኝ፦ እኔ የታሪክ መምህርት አይደለሁም። 34 ዓመት ነርስ ነበርኩ፣ አብዛኛውን እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም። ከዚያ ውስጥ 11 ዓመቱን ያሳለፍኩት የሳንባ ነቀርሳ ክፍል ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደብረ ማርቆስ ቤቴ ተቀምጬ ታሪክ አነባለሁ። ዘመኑን የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የውጭውን ስጠቅስ እ.ኤ.አ. እላለሁ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ከሞጣ። አያቴ ስለ ክፉ ቀን ሲያወሩ «ያኔ የንጉሡም በረት ባዶ ነበር» ይላሉ። ክፉ ቀን ረሃብ ነው ወይስ በሽታ? በሽታስ ንጉሥን ያሸንፋል?

መልስ፦ አያትህ ልክ ናቸው። መጀመሪያ የመጣው በሽታው ነው፤ ረሃቡ ተከተለ። በሽታው ግን የከብት እንጂ የሰው አልነበረም። ገበሬው «ደስታ» ይለዋል። ቫይረሱ ልጆቻችንን ለሚይዘው ለኩፍኝ የቅርብ ዘመድ ነው። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ከጣልያን ጦር ጋር በምጽዋ በኩል ገባ። ከ10 ከብት 9ኙን ጨረሰ።

አሁን የጎጃምን ነገር አስበው። ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው በአፄ ዮሐንስ እጅ ዘውድ ደፉ። በጥር 1880 ሣር ውኃ ላይ ከደርቡሽ ጋር ገጥመው ተሸነፉ፤ ቤተሰባቸው ሳይቀር ተማረከ፣ ጎንደርም ተቃጠለች። በ1881 መግቢያ ደግሞ አፄ ዮሐንስ «ከምኒልክ ጋር ዶልተህብኛል» ብለው በጎጃም ላይ ዘመቱ። አገሩ ተዘረፈ፣ እህሉ ተቃጠለ። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ አፄው ራሳቸው መተማ ላይ ወደቁ።

የከብቱ እልቂት የወረደው እንግዲህ እንዲህ በጦር በተራቆተ አገር ላይ ነው። በሬ ከሌለ ጎጃሜ በምን ያርሳል? ጤፍ ማሳው ተደጋግሞ ካልታረሰ አይሆንም። ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፍረው መኳንንቱን አስቆፍረዋል፤ የጊዜው ጭንቅ እስከዚያ ድረስ ነበር። የተራበ ሰው ላይ ደግሞ ፈንጣጣው፣ ተስቦው፣ ተቅማጡ ተደራረበ።

በሽታ ንጉሥን ያሸንፋል ወይ ላልከኝ፣ ይኸንን ልንገርህ። ጣልያን አስመራን የያዘው በ1881 ክረምት ነው። አፄው ሞተዋል፣ አገሩ ተርቧል። ያን ጊዜ ደጋውን ሲወጣ በመንገዱ የሚያስቆመው ጦር እንደ ቀድሞው አልነበረም። ይህን ያደረገው በዓይን የማይታይ ነገር ነው።

ደስታ ዛሬ በምድር ላይ የለም። በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል። የኛ አገር አርብቶ አደሮች ትልቅ ድርሻ አላቸው። ሙቀት የሚችል ክትባት ሲሠራ፣ አፋር ውስጥ ከራሳቸው መካከል ሰው መርጠው አሠልጥነው ከብቶቻቸውን አስከተቡ። ይኸን ለአያትህ ንገራቸው። የከብት ነገር ለሳቸው ቅርብ ነው፤ ደስ ይላቸዋል።

ጥያቄ፦ ከፍኖተ ሰላም ነኝ፣ የአራት ልጆች እናት። ሰሞኑን ወባ ያዘኝና ኮአርተም ተሰጠኝ። ትልቁ ልጄ «ይኼ የጦርነት መድኃኒት ነው» አለኝ። እውነት ነው? በሁለተኛው ቀን ስለተሻለኝ የቀረውን ለጎረቤቴ ሰጥቻታለሁ።

መልስ፦ እታለም፣ መጀመሪያ መድኃኒቱን። ለጎረቤት አይሰጥም! ለአዋቂ 24 ፍሬ ነው፤ አራት አራቱን ጠዋትና ማታ፣ ለሦስት ቀን። ትኩሳቱ የለቀቀሽ ተህዋስያኑ ስላነሱ ነው እንጂ ስላለቁ አይደለም። ጎረቤትሽም ግማሽ መድኃኒት ወሰደች ማለት ነው። ሁለታችሁም ተመልሳችሁ ሂዱና ለምርመራ ደም ስጡ። ሲሰጣችሁ ከምግብ ጋር ዋጡት፤ ወተት ወይም ቅባት ያለው ነገር ሲኖር መድኃኒቱ ወደ ደም በደንብ ይገባል።

ልጅሽ ግን ጎበዝ ነው። እውነቱን ነው።

የቬትናሙ መሪ ሆ ቺ ሚን ወባን በራሱ አካል ያውቃታል። እ.ኤ.አ. በ1945 ጫካ ውስጥ ሞት አፋፍ ላይ ደርሶ ነበር። ያከሙት አሜሪካኖች ነበሩ፤ ያን ጊዜ ጃፓንን በጋራ ይወጉ ነበርና። ከ20 ዓመት በኋላ ከነዚያው ከአሜሪካኖች ጋር ጦርነት ገጠመ። ወታደሮቹ ጫካው ውስጥ በወባ አለቁበት፤ የድሮው መድኃኒት አልሠራ አለ። ቻይናን እርዳታ ጠየቀ። ቻይና እ.ኤ.አ. ግንቦት 23 ቀን 1967 ምስጢራዊ ምርምር ጀመረች። በወሩና በቀኑ (በነሱ አቆጣጠር 5ኛው ወር፣ 23ኛው ቀን) «523» ብለው ጠሩት።

ቱ ዩዩ የምትባል ሴት ተመራማሪ ገባችበት። ከ1,600 ዓመት በፊት የተጻፈ የመድኃኒት መጽሐፍ ውስጥ አንድ ነገር አገኘች፦ የአንድ ተክል ቅጠል ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ ጨምቆ መጠጣት። ቀቅሎ አይልም። ሙቀቱ መድኃኒቱን እየገደለው እንደነበር ያን ጊዜ ገባት። በዝቅተኛ ሙቀት አወጣችውና ሠራ። መጀመሪያ የሞከረችው በራሷ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ተሰጣት። ያ ነገር ነው ዛሬ ፍኖተ ሰላም አንቺ እጅ የገባው።

ተክሉ የኛዎቹ የአሪቲና የጭቁኝ ዘመድ ነው። ዘመድ ነው አልኩ እንጂ ራሱ አይደለም። አሪቲ አፍልቶ መጠጣት ወባ አያድንም። ይኸን የምለው ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ነው።

እናቶቻችን የ1951ን ወባ አይረሱም። ከሰኔ 1950 ጀምሮ ለግማሽ ዓመት ያህል ደጋ ድረስ ወጥቶ ነበር። በአገሪቱ 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150 ሺህ ሞቷል ተብሎ ተገምቷል። አጎበርሽ ከተቀደደ ስፊው። ለእህል መሸፈኛ እንዳታደርጊው።

ጥያቄ፦ ከደብረ ማርቆስ። ኅዳር 12 ቆሻሻ የምናቃጥለው በእውነት በበሽታ ምክንያት ነው?

መልስ፦ አዎ። በኅዳር 1911 ዓ.ም. የገባው ኢንፍሉዌንዛ ነው፤ የኅዳር በሽታ ያልነው። በዓለም 50 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል፤ አዲስ አበባ ብቻ 10 ሺህ ያህል። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም ታመው ተርፈዋል። ባይተርፉ ኖሮ የሚቀጥለው ግማሽ ምዕተ ዓመት የኛ ታሪክ ሌላ ይሆን ነበር። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዊልሰንም ፓሪስ ላይ የዓለም ጦርነቱን ዕርቅ ሲደራደር እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1919 በጽኑ ታሞ አልጋ ላይ ወድቆ ነበር። ጢሱ ቫይረሱን አይገድልም፤ ግቢ ማጽዳቱ ግን መልካም ነው። ፕላስቲኩን አታቃጥሉት።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ቡሬ ላይ እህል ነጋዴ ነኝ። ስለ መሪዎች ይጽፋሉ። ተራ ሰውስ የበሽታን ታሪክ ቀይሮ አያውቅም?

መልስ፦ ጥያቄዎን ወድጄዋለሁ። ስለ ሁለት ተራ ሰዎች ልንገርዎ።

አንዷ እናቴ ናት። በልጅነቷ ፈንጣጣ ይዟት ተርፋለች። ፊቷ በጠባሳ የተበሳሳ ነበር፣ ዝናብ የመታው አመድ ይመስል። የሩሲያው ስታሊንም በልጅነቱ ፈንጣጣ ይዞት ፊቱ እንደዚያው ነበር። በሥልጣን ዘመኑ ፎቶግራፉ እየተነካካ ጠባሳው እንዲጠፋ ይደረግ ነበር። ያ ሁሉ ሠራዊት የነበረው ሰው ያንን አሳፋሪ አድርጎ ቆጠረው።

በኛ አገር ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ የተጀመረው በጥር 1963 ነው። እኛ ሰፈር ከታቢዎቹ የደረሱት ከዓመት በኋላ ነበር። እኔ 9 ዓመቴ። በበቅሎ ነው የመጡት። አንደኛው በእጁ ፈንጣጣ የወጣበት ሕፃን ሥዕል ያለበት ካርድ ይዟል። ለየቤቱ ካርዱን እያሳየ «እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል?» ይላል። ሰው ግን ይሸሻቸዋል። በደጋው አገር የቆየ ልማድ ነበረ፦ ከታማሚ ቁስል ፈሳሽ ወስዶ የጤነኛን ክንድ ጭሮ መቀባት። አንዳንዱ በዚያ ይድናል፤ አንዳንዱ በዚያው ይሞታል። ሰው መርፌውን የፈራው ለዚያ ነው።

እናቴ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠችና «ካርዱን ተወው፣ እኔን አሳያቸው» አለችው። ከዚያ ክንዴን ይዛ ከፊቱ አቆመችኝ። መርፌው ጫፉ ሁለት ጣት ነበረው፣ እንደ ትንሽ መንሽ። መድኃኒቱ ውስጥ ሲነክረው አንዲት ጠብታ በሁለቱ ጣቶች መሃል ተንጠልጥላ ትቀራለች። 15 ጊዜ ጠቅ ጠቅ አደረገኝ። ቆጥሬዋለሁ። ጠባሳው ዛሬም ክንዴ ላይ አለ። በዚያን ቀን እናቴን አይቶ ስንቱ ጎረቤት እጁን እንደዘረጋ ሳስብ አሁንም ልቤ ይሞላል።

ያንን ክትባት ያዋጡት ሩሲያና አሜሪካ ነበሩ፣ እርስ በርስ ኒውክሌር በተደቃቀኑበት ዘመን። ዘውዱ ወርዶ ደርግ ሲገባም ዘመቻው አልቆመም። በኛ አገር የመጨረሻው ፈንጣጣ የታየው በነሐሴ 1968 ኦጋዴን ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ሰው ዓሊ ማው ማሊን ይባላል። ሶማሊያ፣ መርካ ከተማ ውስጥ የሆስፒታል ወጥ ቤት ነበር። መርፌ ያማል ብሎ ክትባቱን ሸሸ። አንድ ቀን ሁለት የታመሙ ልጆች ለጫነ መኪና መንገድ ሊያሳይ አብሮ ተሳፈረ። የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። በጥቅምት 1970 ፈንጣጣ ወጣበት፤ ዳነ። በተፈጥሮ መንገድ ፈንጣጣ የያዘው በዓለም የመጨረሻው ሰው እርሱ ሆነ። በ20ኛው ምዕተ ዓመት ብቻ 300 ሚሊዮን ያህል ሰው ፈጅቷል የሚባለው በሽታ በአንድ ወጥ ቤት ላይ አበቃ። ከዚያ በኋላ ዓሊ ምን አደረገ መሰልዎ? በፖሊዮ ዘመቻ ገብቶ ከቤት ቤት እየዞረ «እኔ ፈርቼ ቀረሁ፤ እናንተ ልጆቻችሁን አስከትቡ» እያለ ወላጆችን ሲለምን ኖረ። በ2005 ዓ.ም. በዚያው ሥራ ላይ ሳለ ወባ ገደለው።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ከደብረ ኤልያስ ነው የምጽፈው። አባቴ ሁለት ወር ሙሉ ያስላቸዋል። ማታ ማታ ያልባቸዋል፣ ከስተዋል። ጤና ጣቢያ እንሂድ ስላቸው ይቆጣሉ። በአካባቢው የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። «ሳምባ ነው ከተባለ ማን ከኔ ጋር ጽዋ ይጠጣል? ስሜ ይጠፋል» ይላሉ። ቤት ውስጥ ሁለት ትንንሽ እህቶች አሉኝ። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አባትህን አውቃቸዋለሁ ማለት እችላለሁ። 11 ዓመት ሙሉ እንደሳቸው ያሉ አባቶችን አይቻለሁና።

ሁለት መሪዎችን ልንገርህ። አመቺ ጊዜ ሲገኝ፣ ቡና ላይ፣ አንብብላቸው።

አንደኛው የፓኪስታን መሥራች ሙሐመድ አሊ ጂናህ ነው። ሕንድ ከእንግሊዝ ነፃ ስትወጣ ለሙስሊሞች የተለየ አገር ይሁን ብሎ የታገለ ሰው። በሳንባ ነቀርሳ ታሞ ነበር። ሐኪሞቹ ያውቃሉ፤ ምስጢሩን ጠበቁ። እሱም ተቃዋሚዎቼ ካወቁ እስክሞት ይጠብቃሉ ብሎ ፈራ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1947 አገሩ ተመሠረተ፤ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ከቀዬው ተፈናቀለ። በ13 ወሩ ጂናህ ሞተ። የእንግሊዙ እንደራሴ ማውንትባተን በኋላ፣ በሽታውን ባውቅ ኖሮ ነገሩን ላዘገየው እችል ነበር ብሏል። አገሩ ገና በእግሩ ሳይቆም አባቱን አጣ። መድኃኒቱ ያን ጊዜ ገና መገኘቱ ነበር፤ ስለዚህ በጂናህ አልፈርድም። ዛሬ ግን መድኃኒቱ አለ።

ሁለተኛው ኔልሰን ማንዴላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988፣ በ70 ዓመቱ፣ እስር ቤት ሳለ ይስል ጀመር። ሆስፒታል ተወሰደ። ከሳንባው ዙሪያ ውኃ ተቀዳለት። ሳንባ ነቀርሳ ነው ተባለ። መድኃኒቱን ወሰደ፣ ዳነ። ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ከእስር ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1994 ፕሬዚዳንት ሆነ። በሽታውንም ለዓለም በአደባባይ ተናገረ። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ ልጁ በኤድስ ሲሞት፣ በዚያው ቀን ጋዜጠኞችን ጠርቶ ልጄ የሞተው በኤድስ ነው አለ። በደቡብ አፍሪካ ያን ጊዜ ይህ ቃል በቀብር ላይ አይነሣም ነበር። ስሙ ጠፋ ወይ? አባትህን ይኸን ጠይቃቸው።

አሁን የራሴን ልጨምር።

ያሳደገኝ አጎቴ ነው። እሱም ሽማግሌ ነበር፣ የሰው ነገር የሚያበርድ፣ በጽዋ ማኅበሩ ሙሴ። ሲያስለው የጋቢውን ጫፍ ወደ አፉ ይወስድና መልሶ ወደ ውስጥ ያጥፈዋል። እኔ የማየው ጨዋነት ይመስለኝ ነበር። ጋቢውን ወንዝ ወስጄ የማጥበው እኔ ነኝ። እንዶድ ወቅጬ፣ አረፋውን አስነሥቼ። ጥለቱ አጠገብ ቡናማ ቦታ ነበረ፣ እንደ ዝገት። በእንዶዱ አሸሁት፣ በድንጋይ ላይ አሸሁት፤ አልለቅ አለ። ለማንም አልተናገርኩም። 14 ዓመቴ ነበር፤ ምን እንደሆነ አላወቅሁም። አጎቴ በዚያው ዓመት ሞተ። በቀጣዩ ዓመት ትንሹ ልጁ ተከተለው። እናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ ሲያስለው አሁንም ይሰማኛል። ነርስ የሆንኩት ለዚያ ነው።

ዛሬም በዓለም በአንድ ዓመት 10 ሚሊዮን ከሚበልጥ ሰው ጋር የሚገጥም በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ 1.25 ሚሊዮን ሰው ገድሏል። የሚድን በሽታ ሆኖ ሳለ።

እንዲህ አድርግ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል አክታ መመርመር አለበት። «ሳምባ ነው» አትበላቸው፤ ገና አልታወቀምና። «ሳሉ ምን እንደሆነ እንወቅ» በላቸው። አክታው በጠዋት ይሻላል፤ አፋቸውን በውኃ ተጉመጥምጠው፣ ከጥልቅ ስለው ያውጡት። ምራቅ አይሆንም። ዕቃውን ጤና ጣቢያው ይሰጣችኋል። አክታውን የሚያወጡት ከቤት ውጭ፣ ነፋስ ባለበት ይሁን። ምርመራውም መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው።

ከሆነ፣ መድኃኒቱ ስድስት ወር ነው። ብዙ ሰው በሁለተኛው ወር ይሻለውና ያቆማል፤ አደገኛው እሱ ነው፤ በሽታው መድኃኒቱን ለምዶ ይመለሳል። መድኃኒቱን በወጉ ከጀመሩ ጥቂት ሳምንት በኋላ ለሌላ ሰው የማስተላለፋቸው ነገር እጅግ ይቀንሳል። ጽዋውም ቢሆን በሽታውን አያስተላልፍም፤ የሚተላለፈው በትንፋሽ ነው። ይኸን ለማኅበሩ ሰዎች ራሴ መጥቼ ብነግር ደስ ይለኛል፤ ደብረ ኤልያስ ሩቅ አይደለም። ጠበል ልሂድ ካሉህም አትከልክላቸው። መድኃኒቱን ይዘው ይሂዱ። እኔ ጠበል ቦታ ድረስ ክኒን ወስጄ ያስዋጥኳቸው አሉ፤ ካህናቱም ውሰዱ ይሏቸው ነበር።

እስከዚያው መስኮቱን ክፈቱ። እህቶችህ ከሳቸው ጋር በአንድ መደብ አይተኙ። ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ሁለቱንም ይዘሃቸው ሂድ፤ ለልጆቹም ምርመራና መከላከያ መድኃኒት አለ።

የሚሄዱበትን ቀን አንተ ምረጥ፤ ገበያ ቀን አይሁን፣ ሰው ስለሚበዛ ይሳቀቃሉ። ውጤቱን ጻፍልኝ። የሚቀጥለው እትም እስኪወጣ አልጠብቅም፤ ደብዳቤህ እንደደረሰኝ እመልስልሃለሁ።